በናክሶስ ደሴት የአንድ ቀን መኪና ኪራይ፦ አምስት ሰው፣ አንድ ሹፌር፣ 90 ኪሎ ሜትር

ጉዳዩ

ግሪክ ደሴት ላይ ለአንድ ቀን መኪና መከራየት ከባድ ነገር አይመስልም። ስልክ ከፍቶ ዋጋ ማየት፣ ርካሹን መያዝ፣ ቁልፍ መቀበል ነው። የሚከተለው የአንድ ሐበሻ ቤተሰብ ጉዳይ ግን ነገሩ ሰፋ እንደሚል ያሳያል። መኪናውን ከመያዛቸው በፊት አማክረውኝ ነበር። ከተመለሱ በኋላም ውሉን፣ ደረሰኙንና የሄዱበትን መንገድ አብረን ቁጭ ብለን አይተናል። የቤተሰቡንም የአከራዮቹንም ስም ትቼዋለሁ።

ዳራ

ቤተሰቡ አምስት ነው። ባልና ሚስቱ ጀርመን ይኖራሉ፤ የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለቻቸው። የባልየው እናት ለክረምቱ ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ዕድሜያቸው 70ን አልፏል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የሚስትየው እህት ደግሞ ከዋሽንግተን ዲሲ ልትቀላቀላቸው ቀጠሮ ይዛለች።

የመረጡት ናክሶስን ነው። ከሳይክላዲስ ደሴቶች ትልቁ ሲሆን፣ ስፋቱ ወደ 430 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በምዕራብ በኩል ዋናው ከተማ ሆራ፣ ወደቡና ሜዳማው የባሕር ዳርቻ አሉ። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ አገር ነው። ዛስ የሚባለው ተራራ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ መንደሮቹ በዚያ ዙሪያ ተራራው ላይ ተለጥፈዋል። የቤተሰቡ ማረፊያ አጊያ አና የሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ነበር። እዚያ ለመቆየት መኪና አያስፈልግም። መኪናው ያስፈለገው ተራራውን ለማየት ብቻ ነው፤ ለዚያም አንድ ቀን መድበዋል።

ወቅቱ ፍልሰታ ነው። የእኛ ጾም ነሐሴ 1 ይገባል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 7 መሆኑ ነው። ግሪኮች ደግሞ ከኦገስት 1 እስከ 14 ጾመው በ15 የእመቤታችንን በዓል ያከብራሉ። በዓሉ በመላው አገሪቱ ሥራ የሚዘጋበት ነው፤ ከተሜው ወደ ደሴቱና ወደ ገጠሩ ይጎርፋል። እናት ጿሚ ናቸው። እስከ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም። ይህ ከመኪና ኪራይ ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። ቀኑንም መንገዱንም የወሰነው ግን ይኸው ነው።

ችግሩ

ሁሉም የየራሱን መኪና መርጦ ነበር የመጣው።

ባል ፊያት ፓንዳ አለ። ርካሽ ነው፣ ትንሽ ነው፣ በደሴቶቹ ላይ በየመንገዱ የሚታይ ነው። እህት ሱዙኪ ጂምኒ ፈለገች፤ ካልሆነም ባለአራት ጎማውን ሞተር ለሁለት ለሁለት እንከራይ አለች። ሚስት ባለ 7 ወንበር መኪና ይሁንና ተዝናንተን እንቀመጥ ባይ ናት። እናት መኪና አልመረጡም። «ብቻ ዝቅ ያለ አይሁን፤ ገብቼ መውጣት ያቅተኛል» ነው ያሉት። ከዚያ አስከትለው «የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ካለ እሱን አሳዩኝ» አሉ።

በዚህ ላይ ሌሎች ቋጠሮዎች ነበሩ። እህት አውቶማቲክ ብቻ ነው የምትነዳው። ባል የክሬዲት ካርድ የለውም፤ ያለው የባንክ ዴቢት ካርድ ነው። የተመረጠው ቀን ደግሞ ኦገስት 15 ነበር፣ በዓሉ ራሱ። ለጉዞው የቀረው ሦስት ሳምንት ሲሆን፣ በኢንተርኔት የሚታየው መኪና በየቀኑ ይቀንስ ነበር።

የተወሰዱት እርምጃዎች

መጀመሪያ መኪናውን ትተን መንገዱን አወጣን። ከሆራ ተነስቶ በሳንግሪ፣ በሃልኪ፣ በፊሎቲና በአፒራንቶስ አድርጎ በሰሜን ጫፍ ወዳለው አፖሎናስ መድረስ፣ ከዚያ በምዕራቡ የባሕር ዳር መንገድ መመለስ። ዙሩ ወደ 90 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ጀርመን አውራ ጎዳና ላይ አንድ ሰዓት አይሞላም። ናክሶስ ላይ ግን መንዳቱ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ ይበላል። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ግን ጠባብ፣ ጠመዝማዛና ዳገት ነው። እህት በደቡብ ምዕራብ አሊኮ አካባቢ ያለውን የባሕር ዳርቻም ጨምሩልኝ ብላ ነበር። እዚያ የሚያደርሰው የመጨረሻው መንገድ አቧራማ ኮረኮንች ነው፤ የኪራይ ኢንሹራንስ ደግሞ ከአስፋልት ውጭ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም። በእሱ ፋንታ የገባው ከሃልኪ ወጣ ብሎ ሞኒ መንደር አጠገብ ያለው የፓናጊያ ድሮሲያኒ ቤተ ክርስቲያን ነው። በእመቤታችን ስም የተሰራ ነው፤ በግድግዳው ላይ ያሉት የ7ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሎች በባልካን አገሮች በጣም ጥንታዊ ከሚባሉት ይመደባሉ። እህት ትንሽ አኮረፈች። ድምፅ ቢሰጥም በፍልሰታ እናትን የሚያሸንፍ አልነበረም።

ቀጥሎ ቀኑ ተቀየረ። በኦገስት 14 እና 15 ፊሎቲ ላይ ትልቅ ክብረ በዓል አለ። ዋናው መንገድ በመንደሩ መሐል ነው የሚያልፈው። በዚያ ቀን እዚያ መኪና ይዞ መግባት ፈልጎ ጣጣ መግባት ነው። ወደ ኦገስት 13 አመጣነው። ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ግሪኮቹ ገና በጾም ላይ ስለሆኑ ምግብ ቤቶቹ የጾም ምግብ ያቀርባሉ።

ከዚያ ወንበር ቆጠርን። አብዛኛው ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ጂምኒ ለ4 ሰው ነው፣ የኋላ በርም የለውም። የፊቱን ወንበር አጥፎ ከኋላ መግባት ጉልበቱን ለሚያመው ሰው የማይታሰብ ነው። ፓንዳም ቢሆን አንዳንዱ የተመዘገበው ለ4 ሰው ብቻ ነው፤ ለ5 የሆነውም ከኋላ የልጅ መቀመጫ ከገባበት በኋላ ለሁለት አዋቂ ይጠብባል። በዚያ ላይ አምስት ሰው ጭኖ የዛስን ዳገት ለመውጣት ሞተሩ ትንሽ ነው። ባለ 7 ወንበሩ ሁሉንም ይይዛል፤ ጠባብ መንደር ላይ ግን ማዞሩም ማቆሙም ጣጣ ነው። የአራት ጎማውን ሞተር ብዙ ሳንከራከር ትተነዋል። የ4 ዓመት ልጅና የ70 ዓመት እናት ባሉበት ምርጫ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ለሁለት ጎረምሶችም ቢሆን አልመክረውም፤ አስፋልት ኩርባ ላይ ይገለበጣል፣ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶችም አይሸፍኑትም። የቀረው ከመሬት ከፍ ያለ፣ አምስት በርና አምስት ወንበር ያለው መካከለኛ መኪና ነው። የዳሲያ ዳስተር ዓይነት።

ማርሽ ላይ ስንደርስ ተከራከርን። በግሪክ ደሴቶች የሚከራየው መኪና አብዛኛው ማኑዋል ነው። አውቶማቲክ ጥቂት ነው፣ ቀድሞም ያልቃል። በዚያ ቀን የተገኘው አንድ አውቶማቲክ 130 ዩሮ ተባለ። ማኑዋሉ 85 ነበር። ባል አዲስ አበባም ጀርመንም ማኑዋል ነው የነዳው። «45 ዩሮ ለማርሽ? እኔው እነዳለሁ» አለና ተወሰነ። እህት ከሹፌርነት ወጣች ማለት ነው።

የገንዘቡ ነገር

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው።

ባል መጀመሪያ ያገኘው በአገናኝ ድረ ገጽ በኩል 46 ዩሮ የሚል ፓንዳ ነበር። ድረ ገጹ በ9 ዩሮ «ሙሉ ሽፋን» ይሸጣል። በድምሩ 55፤ ጥሩ ይመስላል። ውሉን ሲያነቡት ግን ሌላ ነው። የድረ ገጹ ሽፋን የአከራዩ ኢንሹራንስ አይደለም። መኪናው ቢጫር ከፋዩ ተከራዩ ነው፤ ድረ ገጹ በኋላ ማስረጃ ተቀብሎ ገንዘቡን ይመልስለታል። ስለዚህ አከራዩ ጠረጴዛ ላይ ማስያዣ መጠየቁ አይቀርም። የተጠየቀው 1,100 ዩሮ ነበር፤ ያውም በሹፌሩ ስም በተመዘገበ ክሬዲት ካርድ ላይ ብቻ። ክሬዲት ካርድ የሌለው ሰው የአከራዩን የራሱን ሙሉ ኢንሹራንስ በ25 ዩሮ ይገዛል። የልጅ መቀመጫ 8 ዩሮ። ሲደመር 88 ሆነ፤ ከዚህ ውስጥ 9ኙ ዩሮ ለምንም አልጠቀመም።

ደሴቱ ላይ ያለ አንድ ትንሽ የአገሬው አከራይ በዋትስአፕ ተጠየቀ። 85 ዩሮ አለ። ሙሉ ኢንሹራንስ አለው፣ ማስያዣ የለም፣ ዴቢት ካርድ ይቀበላል፣ የልጅ መቀመጫው ነፃ ነው። የመኪናውንም ፎቶ ላከ። ይህኛው ነጥብ ቀላል አይደለም። በድረ ገጽ ላይ የሚያዘው የመኪና ዓይነት እንጂ መኪናው አይደለም፤ ከስሙ አጠገብ «ወይም ተመሳሳይ» የሚል አለ። ለእናት የወንበሩ ከፍታ ወሳኝ ስለሆነ ተመሳሳይ የሚባለው አይበቃቸውም።

የማይሸፈነውንም በጽሑፍ ጠየቅን፦ ከአስፋልት ውጭ የደረሰ ጉዳት፣ የጠፋ ቁልፍ፣ በስህተት የተቀዳ ነዳጅ፣ ንፋስ የሰበረው በር። የመጨረሻውን ሲያነቡ ባልና ሚስት ሳቁ። ናክሶስን ስለማውቀው እኔ አልሳቅኩም። በጁላይና በኦገስት ሜልቴሚ የሚባለው የሰሜን ንፋስ ይነፍሳል፤ በር ከእጅ መንጭቆ ማጠፊያውን ሊያጣምም ይችላል።

በነዳጅ ላይ ብዙ አልተጨነቅንም። 90 ኪሎ ሜትር በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቢበላ ከ6 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። ደሴት ላይ ሊትሩ ወደ 2 ዩሮ ቢጠጋም 13 ዩሮ ነው። ለአንድ ቀን ናፍጣ ይሁን ቤንዚን ብሎ መከራከር ትርፍ የለውም።

የኪራዩ ሰዓት

የአንድ ቀን ኪራይ ብዙ ጊዜ 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ መኪናውን ከዋዜማው ምሽት 12 ሰዓት እስከ በማግስቱ ምሽት 12 ሰዓት ወሰዱት። ሐሳቡ ባል በሜዳው መንገድ ላይ መኪናውን ይልመደው የሚል ነበር።

የአከራዩ ሠራተኛ ወጣት ነው። ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት በሩን ከፍቶ በሁለት እጁ እንዴት እንደሚያዝ አሳያቸው። መኪና ስታቆሙ አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዙሩት አላቸው። ያኔ ንፋሱ በሩን ወደ መዘጋት ይገፋዋል እንጂ አይነጥቀውም። ባል ዙሪያውን በቪዲዮ ቀረጸ። ከኋላ በቀኝ በኩል ቸርኬው ላይ ጭረት ነበር፤ ውሉ ላይ እንዲጻፍ አደረገ። የነዳጁንም ልክ ፎቶ አነሳ።

የልጅ መቀመጫው ግን ልክ አልነበረም። የመጣው ለትልልቅ ልጆች የሚሆነው፣ መደገፊያ የሌለው ከፍ ማድረጊያ ነበር። ግሪክ ውስጥ ቁመቱ ከ1.35 ሜትር በታች የሆነ ልጅ በልኩ መቀመጫ መቀመጥ አለበት። ሠራተኛው ሄዶ ባለቀበቶውን አመጣ። ይህ ጠዋት ለመነሳት ሲጣደፉ ቢገጥም ኖሮ ወይ አንድ ሰዓት ይበላ ነበር፣ ወይ ልጅቷ እንደሆነው ሆና ትሄድ ነበር።

ቀኑ እንዴት አለፈ

ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ተነሱ። እናት ከፊት፣ ልጅቷ ከኋላ መሐል፣ ሚስትና እህት ግራና ቀኝ። ሳንግሪ አጠገብ ያለውን የዴሜተር ቤተ መቅደስ አዩ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ገደማ በእብነ በረድ የተሠራ ነው፤ በክርስትናው ዘመን ቤተ ክርስቲያን ሆኖ አገልግሏል። ሃልኪ ላይ እህት ኪትሮን የተባለውን የደሴቱን መጠጥ ቀመሰች። ከትርንጎ ቅጠል የሚወጣ ነው፤ አረንጓዴው ጣፋጭና ለስላሳ፣ ቢጫው ጠንካራ። ባል አልነካውም። የግሪክ ሕግ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ድረስ ይፈቅዳል፤ ብቸኛ ሹፌር ለሆነ ሰው ግን ያም ብዙ ነው። ድሮሲያኒ ላይ እናት ብዙ ቆዩ። ማንም አላጣደፋቸውም።

ፊሎቲ መግቢያ ላይ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ግማሹን መንገድ ይዞ ነበር። ከላይ አውቶቡስ መጣ። ከኋላም መኪና ስለነበረ ባል በቀኝ በኩል ባለች ጠባብ የዳገት መንገድ ላይ ወደ ላይ በማርሽ ሬትሮ መግባት ነበረበት። ፍሪሲዮኑ ሸተተ። እናት «ቃጠሎ ነው?» አሉ። «አይ እማዬ፣ ምንም የለም» አለ፤ ላቡ ግን በግንባሩ ይወርድ ነበር። የአውቶቡሱ ሹፌር እጁን አንስቶ አመስግኖ አለፈ።

አፒራንቶስ መኪና አይገባም። መግቢያው ላይ አቁሞ በእብነ በረድ በተነጠፈው መንገድ በእግር ነው። ከዚያ ወደ ኮሮኖስ ያለው ቁልቁለት ከሁሉም የከፋው ሆነ፤ ኩርባው አያልቅም። ልጅቷ አስመለሳት። ባል በሁለተኛ ማርሽ ሞተሩን አስይዞ ወረደ። ፍሬን ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል።

አፖሎናስ 9 ሰዓት ላይ ደረሱ። የእናት የጾም ሰዓትም እኩል አበቃ። በወይራ ዘይት የተሠራ ትልልቅ ባቄላና ቅጠላ ቅጠል ቀረበ። አስተናጋጁ ጾም ላይ መሆናቸውን ሲሰማ ኦክቶፐስ ጋበዛቸው፤ ለግሪኮች ጾም ነው። እናት በትሕትና መለሱት። ከመንደሩ በላይ ከጥንቱ የድንጋይ ማውጫ ውስጥ ከ10 ሜትር በላይ የሚረዝም ያላለቀ የእብነ በረድ ሐውልት በጀርባው ተጋድሟል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ተጀምሮ የተተወ ነው። ከመንገዱ ጥቂት ደረጃ ብቻ ስለሆነ እናትም ወጡ። «የአክሱሙ ወዳቂ ማለት ነው» ብለው ዞር ዞር ብለው አዩት።

ሲመለሱ ንፋሱ በርትቶ ነበር። ባሕሩን ለማየት ሲቆሙ ባል እንደተነገረው አፍንጫውን ወደ ንፋሱ አዞረ። እናት በሩን ገፉት፤ ንፋሱ መልሶ ገፋባቸው። «ይኼ በር ምን ሆኖ ነው የሚታገለኝ?» አሉ። ወርዶ ያዘላቸው። ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ሆራ አጠገብ ነዳጅ ሞልተው መኪናውን አስረከቡ። ምንም ጭቅጭቅ አልነበረም።

የሠራውና ያልሠራው

የወንበሩ ከፍታ በትክክል ተመርጧል። እናት በየመንደሩ ወርደው ወጥተዋል፤ ጉልበታቸው ማታ ላይ አላስቸገራቸውም። ቀኑን መቀየሩም አዋጥቷል። በዋዜማው መረከቡ የልጅ መቀመጫውን ነገር በሰዓቱ አወጣው።

ያው ውሳኔ ግን ዋጋ አስከፍሏል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ መመለስ ግዴታ ስለሆነ የምዕራቡ ባሕር ዳር በሩጫ አለፈ። ከአፖሎናስ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የቆሙት። ሙሉ ቀን መንዳት የለመደ ሹፌር ላለው ሰው ከጠዋት እስከ ጠዋት መያዝ ይሻላል።

ያልሠራው የማርሹ ውሳኔ ነው። ባል በመጨረሻ ደክሞ ነበር። ሁለተኛ ሹፌር ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይፈቀድ ነበር፤ እህት ኪትሮኑን ትታ የባሕር ዳሩን መንገድ ብትነዳ ደግሞ ምንም አይከብዳትም ነበር። ባል አሁን ሲጠየቅ 45 ዩሮዋን እከፍል ነበር ይላል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ተራራ ላይ የሹፌር ቁጥር ከማርሽ ዋጋ ይበልጣል።

ለሌላ ተጓዥ የሚሆነው

ቅደም ተከተሉ የሚተላለፍ ይመስለኛል፦ መንገድ፣ ቀን፣ ወንበር፣ ሹፌር፣ ውል፤ ከዚያ መኪና። ዋጋ የሚወዳደረው ማስያዣው፣ ኢንሹራንሱና የልጅ መቀመጫው ከተደመረ በኋላ ነው።

መንጃ ፈቃድ ለዚህ ቤተሰብ ችግር አልነበረም፤ የአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ በቀጥታ ይሠራል። ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣችው ሕግ የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ፈቃድም ብቻውን ይበቃል፤ ያም ሆኖ ዓለም አቀፉን የሚጠይቅ አከራይ ስላለ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ከኢትዮጵያ ወይም ከዓረብ አገር ፈቃድ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ጨምሮ መያዝ አለበት። እሱም የሚወጣው ፈቃዱን ከሰጠው አገር ነው፤ ግሪክ ከደረሱ በኋላ መፍትሔ የለውም።

ልጅና አዛውንት የሌለበት ጥንድ መኪናውን ሊተወው ይችላል። ከሆራ ወደብ አጠገብ የሚነሳው አውቶቡስ ሃልኪን፣ ፊሎቲንና አፒራንቶስን ያዳርሳል። ሌሎች ደሴቶች ላይ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይለያያል። ሳንቶሪኒ ላይ ርቀት ችግር አይደለም፤ ከፊራ እስከ ኢያ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጀምበር ስትጠልቅ ማቆሚያ ማግኘት ነው ጭንቁ። ስለዚህ እዚያ ትንሹ መኪና ያሸንፋል። ሚሎስ ላይ ብዙ አከራዮች መኪናቸው ወደ ምዕራቡ ኮረኮንች እንዳይገባ በውል ይከለክላሉ። ቀርጤስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ለአንድ ቀን አንዱን ጎን መምረጥ ግድ ነው። ሃይድራ ላይ መኪና አይፈቀድም፤ የሚከራየው በቅሎ ነው።